የመጀመሪያዋ አጋዘን

መስከረም 12

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ፣

ለጤናዎ እንዴት ሰንብተዋል? ሳሉ ለቀቀዎት ወይ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ።

ብዙ ጊዜ ሳልጽፍ በመቆየቴ ተቀይመውኝ ይሆናል። እናቴ ካረፈች ወዲህ ወረቀት ፊት ስቀመጥ እጄ ይከብደኛል። ዛሬም የምጽፈው ምክር ፈልጌ ነው። እውነቱን ልናገርና ምክሩ ባያስፈልገኝ ኖሮ አሁንም አልጽፍም ነበር።

እንደሚያውቁት እዚህ ሰው አገር ሥራዬ ደን ውስጥ ነው። ችግኝ እቆጥራለሁ፣ ቁመቱን እለካለሁ፣ የደረቀውን በቀይ ቀለም ምልክት አደርግበታለሁ። አምና ከተከልናቸው ችግኞች ከመቶ ሰባ የሚሆኑትን አጋዘን ጫፋቸውን ቀርጥፎ ጨርሷቸዋል። አጋዘኖቹን የሚበላ አውሬ ከአካባቢው ከጠፋ ብዙ ዘመኑ ነው። ስለዚህ ከልክ በላይ በዝተዋል፤ ብርዱ ሲገባ ደግሞ የሚበሉት አጥተው በየጥሻው ወድቀው እናገኛቸዋለን። መሥሪያ ቤቱ በየዓመቱ አዳኝ እየቀጠረ ቁጥራቸውን ያስቀንስ ነበር። ዘንድሮ ግን ደን ውስጥ የሚሠራ ሁሉ የአደን ፈቃድ እንዲያወጣና ቢያንስ አንድ አጋዘን እንዲጥል ትእዛዝ ወጣ። ፈቃዱን ያላወጣ ሰው መጋዘን ገብቶ የአጥር ሽቦ ሲጠቀልል ይከርማል።

አለቃዬ ይህን ሲነግረኝ፣ "ካልፈለግሽ ማንም አያስገድድሽም" አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ፣ "መጋዘኑ ማሞቂያ የለውም እንጂ" አለ። ይቀልድ ይሁን የምሩን ይሁን አልገባኝም።

እኔ በሕይወቴ ከትንኝ የሚተልቅ ነገር ገድዬ አላውቅም። እርስዎ ግን ዐሥራ አንድ ዓመት አዳኝ ነበሩ። ሳሎናችን ውስጥ የተሰቀለውን ፎቶ፣ ጠመንጃ ይዘው ቀንዱ የተጠማዘዘ እንስሳ አጠገብ የተንበረከኩበትን፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር እጁን ጎትቼ የማሳየው እኔ ነበርኩ። ሰፈሩ "አነጣጣሪው" ብሎ ሲጠራዎት የኩራቱ ግማሽ የእኔ ነበር። ስለዚህ ሁለት ነገር ይንገሩኝ። ምን ምን ልዘጋጅ? የመጀመሪያውን እንስሳ ሲጥሉስ ምን ተሰማዎት?

አክባሪዎ፣ የእህትዎ ልጅ


ጥቅምት 2

ለምወድሽ ለእህቴ ልጅ፣

ፈጣሪ እግርሽን ከእንቅፋት፣ እጅሽን ከስህተት ይጠብቅልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ሳሉ ሄዷል። ጉልበቴ ግን ደረጃ ባየ ቁጥር ያማርራል። ክፍሌ አሁንም ከማተሚያ ቤቱ በላይ ናት። ማሽኑ ሲነሳ አልጋዬ እየተንቀጠቀጠ ከግድግዳው ይርቃል፤ ሲቆም ገፍቼ እመልሰዋለሁ። እንዲህ እየተገፋፋን እንኖራለን።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አሁን የምልሽን ልብ በይ።

ከጫማ ጀምሪ። አዲስ ጫማ አድርገሽ አደን አትውጪ። ከዛሬ ጀምረሽ ሥራም ገበያም አድርጊውና እግርሽን ይልመደው። እግሩን የሚያመው ሰው ሐሳቡ ሁሉ እግሩ ላይ ነው፣ እንስሳውን አያይም። ነፋስ ፊትሽን እየመታሽ እንጂ ከጀርባሽ እየመጣ አትቀመጪ፤ ከማየታቸው በፊት ያሸቱሻል። ስትራመጂ ጥይት አጉርሰሽ አትራመጂ። አጥር ስትሻገሪ ደግሞ ጠመንጃውን ባዶ አድርገሽ መጀመሪያ መሬት ላይ አሳርፊው፣ ከዚያ ተሻገሪ። የምታይውን እንስሳ ብቻ ሳይሆን ከበስተጀርባው ያለውን እይ። ከጀርባው ሰማይ ከሆነ ተይው፤ ጥይቱ የት እንደሚያርፍ አታውቂምና።

አጋዘኗ ቀጥ ብላ ፊቷን ከሰጠችሽ ወይም ጀርባዋን ከሰጠችሽ ጠብቂ። ጎኗን ስትሰጥሽ፣ ከፊት እግሯ ጀርባ፣ ብብቷ ካለበት አንድ መዳፍ ከፍ አድርገሽ አነጣጥሪ። ትንፋሽሽን ግማሹን አውጪና እዚያው ያዢው። ምላጩን አትንጪው፤ ፍሬ መብሰሉን በጣትሽ እንደምትሞክሪው ቀስ አድርገሽ ጫን በይው፣ ሲተኮስ አንቺም እንድትደነግጪ። ከተኮስሽ በኋላ ተነስተሽ አትሩጪ። የቆመችበትን ቦታ በዓይንሽ ያዢና ተቀመጪ። ደሙ አረፋ ያለው ቀላ ያለ ከሆነ ሳንባዋን አግኝተሻል፣ ሩቅ አትሄድም። ጠቆር ያለ ሆኖ ፈርስ ከተቀላቀለበት ሆዷን ነው የመታሽው። ያኔ ቶሎ ከተከተልሻት ትሸሽሻለች፤ ሁለት ሰዓት ትታገሺያለሽ። ቢላሽ አጭር ይሁን፣ የሲኒማ ጎራዴ የሚያህል ይዘሽ አትሂጂ፤ ሆድ ዕቃ ስታወጪ ረጅም ቢላ ጨጓራ ቀዶ ሥጋውን ያበላሽብሻል።

እጅሽ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ አትተኩሺ። ሳትተኩሺ መመለስ ነውር የለውም።

አንድ ላስቸግርሽ። እዚያ ጥሩ የሱፍ ካልሲ አለ ይባላል። ሁለት ጥንድ ብትልኪልኝ፣ የዚህ ቤት ሲሚንቶ እግሬን ጨረሰው።

የሚወድሽ አጎትሽ


ጥቅምት 18

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ፣

እንደምን ከረሙ? ደብዳቤዎ ደርሶኝ ለአሰልጣኛችን እየተረጎምኩ ነገርኳት። ሴትየዋ አነጋገሯ ሁሉ ትእዛዝ ስለሆነ "ሳጅን" ነው የምንላት። ሰምታ ስትጨርስ፣ "አጎትሽ ሥራውን ያውቃል" አለች። ከሳጅን አፍ ይህ ሲወጣ የሰማ የለም። ካልሲው ዛሬ በፖስታ ቤት ሄዷል፣ ሦስት ጥንድ አድርጌዋለሁ።

ተኩስ ልምምድ ላይ ደህና ነኝ። ከመቶ ሜትር ከዐሥር ጥይት ዘጠኙን ከመዳፍ በማይሰፋ ክብ ውስጥ እከታለሁ። ደስ ሲለኝ ሳጅን አየችና፣ "ወረቀት አይሮጥም፣ አትኩሪ" አለችኝ።

ባለፈው ሐሙስ ማቀዝቀዣ ክፍል ይዛን ገባች። ጠዋት የተገደለች አጋዘን በኋላ እግሮቿ ተሰቅላለች። ገና ሆድ ዕቃዋ አልወጣም። ሳጅን እየከፈተች አሳየችን፦ ይሄ ልብ፣ ይሄ ሳንባ፣ ይሄ ጉበት። ከዚያ ጓንታችንን አውልቀን እጃችንን ውስጧ እንድናስገባ አዘዘች። አብሮን የሚማር አንድ ካርታ ሠሪ አለ፣ ቁመቱ በር የሚያስጎነብስ። እሱ ይቅርታ ብሎ ወጣና አፉን እየጠረገ ተመለሰ። እኔ አስገባሁ። ውስጧ ሙቅ ነበር።

ስንታጠብ ሳጅን፣ "ነፍስ ሲወጣ በዓይኑ ያየ ከመካከላችሁ ማነው?" ብላ ጠየቀች። ሁለት ሰዎች እጃቸውን አነሱ። እኔ እጄን መታጠቤን ቀጠልኩ። እናቴ ያረፈች ቀን ችግኝ እየለካሁ ነበር። "በሰላም አረፈች፣ እጇን ይዤ ነበር" ብለው የጻፉልኝን መስመር ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ። ካላስቸገርኩዎት ትንሽ ሰፋ አድርገው ይጻፉልኝ።

ደግሞም ሁለተኛውን ጥያቄዬን ሳይመልሱ አለፉት። የመጀመሪያውን ሲጥሉ ምን ተሰማዎት?

አክባሪዎ፣ የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 13

ለምወድሽ ለእህቴ ልጅ፣

ጤናና ሰላም ይብዛልሽ። ካልሲው ደርሶኛል፣ ባርኮ ይስጥሽ። አንዱን ጥንድ የማተሚያ ቤቱ ጠባቂ ለምኖ ወሰደብኝ፤ "ሦስት የላከችው ለእኔ አስባ ነው" አለ።

ስለ ቢላው የረሳሁት ነበር። ለአደን ከመውጣት በፊት ባለው ቀን ይሳላል እንጂ ጠዋት ጥድፊያ ላይ አይሳልም። ገመድ ያዢ፣ ንጹሕ ጨርቅ ያዢ፣ ውኃ ያዢ። ለራስሽም የሚበላ ነገር ያዢ።

ሌላውን በሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ። ዓይኔ ደክሟል፣ ፊደሉ እየተደራረበብኝ ነው። የማንበቢያ መነጽር፣ ብርቱ ያልሆነ፣ ብታገኚልኝ።

አጎትሽ


ኅዳር 22

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ፈተናውን አልፌያለሁ። ፈቃዴ በእጄ ነው። የምወጣው ታኅሣሥ 1 ቅዳሜ ማለዳ ነው፤ ሳጅን አብራኝ ትሆናለች።

መነጽሩ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ላይ ይመጣል። እንግዲህ ዓይኔ ደከመ የሚለው ምክንያት አልቋል።

አጎቴ፣ የምጠይቅዎት ለወሬ አይደለም። ጫማዬ ለምዷል፣ ቢላዬ ተስሏል፣ ዒላማ አልስትም። ተዘጋጅተሻል ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሁሉ የሚቆጥረው ይህንን ነው። እኔ ግን ማታ ማታ ጥርሴን ስቦርሽ መስታወቱ ውስጥ ራሴን አይና ይህች ሴት ምላጩን ትስባለች ወይ እላለሁ። መልሱን የሚያውቅ ከዘመድ እርስዎ ብቻ ነዎት።

አክባሪዎ፣ የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 30

ለእህቴ ልጅ፣

ይህ ደብዳቤ ነገ እንደማይደርስሽ አውቃለሁ። ደፋር ብሆን ከሁለት ወር በፊት እጽፈው ነበር።

እኔ አዳኝ አልነበርኩም። ሾፌር ነበርኩ። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አዳኞችን የሚያመላልስ መኪና ነዳሁ። ለአደን የሚመጡት እንግዶች ይተኩሳሉ፣ ዱካ ፈላጊው ይመራቸዋል፣ እኔ ጎማ እቀይራለሁ፣ ሥጋ እጭናለሁ። የነገርኩሽ ሁሉ እውነት ነው፤ ዱካ ፈላጊው ለእያንዳንዱ አዲስ እንግዳ ሲናገር ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። እኔ ግን አንድም እንስሳ ላይ ተኩሼ አላውቅም።

ፎቶውን ያነሳኝ እንስሳውን የጣለው እንግዳ ነው። "እስኪ ብርሃኑን ልይ፣ ይዘህ ተንበርከክ" አለኝ፣ ተንበረከክሁ። በኋላ አሳጥቦ ላከልኝ። እናትሽ መስታወት ውስጥ አስገብታ ሰቀለችው። ሰዉ አነጣጣሪው ማለት ሲጀምር ዝም አልኩ። መጀመሪያ ላይ ቀልድ ነበር፣ ቀስ እያለ ስሜ ሆኖ ቀረ። እናትሽ አንድ ቀን ለብቻችን ስንሆን፣ "የምር አንተ ነህ የገደልከው?" አለችኝ። "አይደለሁም" አልኳት። "ያም ሆኖ ፎቶው ላይ ታምራለህ" ብላ አቧራውን ጠርጋ ሄደች። ለማንም አልተናገረችብኝም።

አንድ ጊዜ ግን ተራው ደርሶኝ ነበር። እንግዳው አንድ እንስሳ አቁስሎ፣ ከዱካ ፈላጊው ጋር ተከትለው ሄዱ። ዱካው ተምታቶባቸው ወዲያ ማዶ ሲፈልጉ እንስሳው ዞሮ መኪናው አጠገብ ያለው ጉድባ ውስጥ ወድቆ አገኘሁት። ሆዱ ተመትቷል። ያያል፣ ይተነፍሳል። የመኪናው ጠመንጃ ከወንበሬ ጀርባ ነበር፣ ጥይትም ነበረው። ርቀቱ ከዚህ እስከ በሩ አይሆንም። እኔ ምን አደረግሁ? መኪናው ውስጥ ገባሁና በሩን ዘጋሁ። መስታወቱንም እስከ ላይ ድረስ ዘጋሁት። እነሱ እስኪመለሱ አርባ ደቂቃ ሆነ። አርባውንም ደቂቃ አልሞተም ነበር።

ስለዚህ ምን ተሰማዎት ላልሽኝ መልስ የለኝም። የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱን ከጫማው በፊት ልነግርሽ ይገባኝ ነበር። ጥያቄው ምላጩን ትስቢያለሽ ወይ አይደለም። ብታቆስያት ትሄጂላታለሽ ወይ ነው። መልሱ አዎ ካልሆነ መጋዘን ይሻልሻል።

እናትሽን በሚመለከት ደግሞ። እጇን ይዤ ነበር ያልኩሽ ሐሰት ነው። ትንፋሿ ሲለወጥ "ሐኪም ልጥራ" ብዬ ወጣሁ። ሐኪሙን ጠራሁ። ተመልሼ ግን አልገባሁም። ኮሪደሩ መጨረሻ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፣ መጥተው እስኪነግሩኝ ድረስ።

ምንም አትላኪልኝ። ምንም አያስፈልገኝም።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 14

ይድረስ ለአጎቴ፣

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ከአደኑ በኋላ በስምንተኛው ቀን ነው። ስለዚህ የወጣሁት አጎቴ አዳኝ ነበሩ ብዬ እንዳመንኩ ነው። የሆነውን በቅደም ተከተል እጽፋለሁ።

የእንጨት ማማ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ሳጅን ከታች፣ ከኋላዬ ነበረች። ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኗል። ሦስት ሰዓት ያህል ምንም አልመጣም። አፍንጫዬ ፈሰሰ፣ ግራ እግሬ ደነዘዘ። ማሞቂያ የሌለው መጋዘንም ከዚህ አይብስም ብዬ አሰብኩ። ከዚያ አንዲት ሴት አጋዘን ብቻዋን ከጥዶቹ መካከል ወጣች። ግልገል አልተከተላትም፤ ይህን ደጋግሜ አየሁ። ጎኗን ሰጠችኝ። ከጀርባዋ ኮረብታ ነው። ትንፋሼን ግማሹን አውጥቼ ያዝኩ፣ እጄ አልተንቀጠቀጠም። ምላጩን ጫን አልኩት።

ጥይቱ ሲወጣ እሷ አንድ እርምጃ ተራመደች።

ጀርባዋን አጉብጣ ዘለለችና ጥሻው ውስጥ ገባች። ልወርድ ስል ሳጅን፣ "ቁጭ በይ!" አለችኝ። ቆይተን ቦታውን ስናይ ደሙ ጠቁሯል፣ ፈርስ አለበት። ሁለት ሰዓት ጠበቅን። ሳጅን ሳንድዊች በላች፣ ለእኔም ሰጠችኝ፤ ይዤው ቀረሁ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ "ደህና ነሽ?" አለችኝ። "አይደለሁም" አልኳት። "ጥሩ" አለች።

ዱካውን ተከተልን። ስድስት መቶ እርምጃ ያህል ነው፣ ቆጥሬዋለሁ፤ መቁጠር ሥራዬ ነው። አንድ ጥድ ሥር ተኝታለች፣ ራሷን ቀና አድርጋ። አየችን፤ ለመነሳት ሞከረች፣ የኋላ እግሯ እምቢ አላት። ሳጅን ቀስ ብላ፣ "እኔ ልጨርስ ወይስ አንቺ?" አለችኝ። "እኔ" አልኩ። ከዐሥራ አምስት እርምጃ ተኮስኩ። ከዚያ ሄጄ አጠገቧ ተንበረከክሁና ጎኗ መውጣት መውረዱን እስኪያቆም ጠበቅሁ። ረጅም ጊዜ አልነበረም። ዓይኗ አልተከደነም። ሳጅን በቀጭን እንጨት ዓይኗን ነካ አድርጋ መሞቷን አረጋገጠች።

ምን ተሰማኝ? እዚያው ምንም። ሆድ ዕቃዋን ሳወጣ ሽታው ከበደኝ፣ ግን ጨረስኩ፤ ቢላው አጭር መሆኑ ረድቶኛል። መኪናው ጋ ስንደርስ በጣም ራበኝ፣ በረሃቡ አፈርኩ። ሦስተኛው ቀን ላይ ገላዬን ስታጠብ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ውኃው እስኪቀዘቅዝ አለቀስኩ። ለእሷ ይሁን ለእናቴ መለየት አልቻልኩም። በሚቀጥለው ዓመት እወጣ እንደሆነ አላውቅም። ፈቃዱን አልመለስኩም።

ስለ ፎቶው ስቄያለሁ። ስለ ኮሪደሩ ግን ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ቁጣዬን ልጽፍልዎት ፈልጌ ነበር፤ ርቀቱ ለቁጣም አይመችም።

አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። ክፍሉ ውስጥ ሰው ነበረ? ማን ነበር? ፈልገው ያግኙልኝና ያየውን እንዳለ ይጻፉልኝ። እንዳያሳምሩት።

የእህትዎ ልጅ


ጥር 11

ለእህቴ ልጅ፣

ፈጣሪ ያበርታሽ። የዘገየሁት ፈልግ ያልሽኝን ሰው እስካገኝ ነው።

ሆስፒታል ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ሁለቱን ጊዜ በሩ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ፤ ይህንንም ልደብቅሽ አልፈልግም። በሦስተኛው ገባሁ። ነርሶቹ መዝገብ አይተው፣ ሐኪሙ ሲደርስ እናትሽ አርፋ እንደነበር፣ በዚያ ሰዓት ክፍሉ ውስጥ የነበረችው የጽዳት ሠራተኛዋ እንደሆነች ነገሩኝ። አሁን ወደ ልብስ ማጠቢያው ተዛውራለች፣ ምድር ቤት። ወረድኩ።

እድሜዋ ሃምሳ ይሆናል፣ ድምፅዋ ወፍራም ነው። የእናትሽን ክፍልና ቀኑን ስነግራት ወዲያው አስታወሰች። "ለመናገር ጊዜ የለኝም፣ ከፈለግህ ያዝ" ብላ የአንሶላ ጫፍ ሰጠችኝ። እሷ በአንድ ወገን፣ እኔ በሌላው ሆነን እያጠፍን ነገረችኝ። ማታውኑ ቤቴ ገብቼ እንዳለችው ጻፍኩት፣ እነሆ።

"ወለል እየወለወልኩ ነበር። መስኮቱን ክፈቺልኝ አለችኝ። ከፈትኩላት፣ የአውቶቡስ ጩኸት ገባ። ኧረ ዝጊው አለች። ዘጋሁት። ተይ፣ ትንሽ ክፈቺው አለች። 'እመቤት፣ ምነው አንዱን ብትመርጪ!' አልኳት። ሳቀች፣ ሳቁ ሳል ሆነባት። ከዚያ ብርድ ልብሱ እግሯ ላይ ተገልጦ ስለነበር ላለብሳት ጎንበስ አልኩ። ወንድሜስ አለች። ኮሪደሩ ላይ ተቀምጧል፣ ልጥራው? አልኳት። ተይው አለችኝ። ይሄን አይችልም፣ ከልጅነቱ ጀምሮ አይችልም፣ አታስጨንቂው አለችኝ። ልጄ ግን ትችል ነበር አለች። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም። እጇን አልያዝኩም፣ እንዲህ ያለ ነገር መዋሸት አልወድም። የያዝኩት እግሯን ነው፣ ከብርድ ልብሱ ሥር። ትንፋሿ ሲያበቃ እግሯን እንደያዝኩ ነበርኩ።"

ያለችው ይህ ነው። የጨመርኩት የለም፣ የቀነስኩትም የለም።

"አታስጨንቂው" የሚለውን ስትነግረኝ ልወጣ ፈልጌ ነበር። በሩ ከጀርባዬ ክፍት ነው። የአንሶላው ጫፍ ግን በእጄ ነበር፣ ብለቀው መሬት ይነካል፣ እንደገና ሊያጥቡት ነው። ስለዚህ ቆምኩ። ያንን አጥፈን ስንጨርስ ሴትየዋ አላሰናበተችኝም፣ ሌላ አንሶላ ዘርግታ ጫፉን ሰጠችኝ። ተቀበልኳት።

ክምሩ እስኪያልቅ አብሬያት አጠፍኩ።

አጎትሽ